ቀበቶ የታጠቀው ሰባት

ቅዳሜ፣ ጁን 19፣ 1976

ዛሬም ዝናብ የለም። ትናንት ለገበያው አሥራ ዘጠኝ የዋጋ ካርቶን ጻፍኩ፤ ጣቶቼ እስካሁን ጥቁር ናቸው። አይብ ሻጯ በርል የሷን ስትቀበል እንደ ልማዷ ሳቀችብኝ።

«ሙሪየል፣ ይሄ ሰባትሽ ዛሬም ቀበቶውን ታጥቆ መጣ? በዚህ ሙቀት እንኳ አይፈታውም?»

በስቶውሊ ሰባትን ወገቡ ላይ መስመር አድርጌ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ። በወጣትነቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ስሠራ የመስኮት ዋጋ መጻፍ ያስተማሩኝ የቤልጅጉ ሰውዬ እንደዚያ ነበር የሚጽፉት። አርባ ዓመት አለፈው፤ እጄ አልተወውም።

የሁሉም ሰላጣ ረፋድ ላይ ጠውልጎ ወደቀ። የጎረቤቴ የዊልፍ ጋሮድ ፎሶሊያ ግን ሲሰብሩት ቀጭ ይላል። ሰው ተሰልፎለታል። «ምን እያጠጣኸው ነው?» ስለው ሚዛኑን እየጠረገ «ከላይኛው ጋር ተስማምተን ነው» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ድሮ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ግማሽ ሰዓት ያወራኝ ነበር። ከኤፕሪል ወዲህ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ኤድና ባሕሩ አጠገብ ወዳለው ክሮመር ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች ይላል። ለእኔ አንድ ፖስትካርድ እንኳ አልጻፈችም። ቅር ብሎኛል ማለት አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጁን 22

ጓሮ ወጥቼ ቆጠርኩ። ፎሶሊያዬ ከአሥራ ስምንቱ እንጨት በአምስቱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቴ ፐርሲ የኦገስቱን የአትክልት ውድድር ዋንጫ ስድስት ዓመት የወሰደበት ዘር ነው። ሊሞት ሰሞን ዘሩን ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ላዩ ላይ «አደራ» ብሎ ጻፈበት። ታዲያ እኔ ምን ያላደረግሁት አለ? መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ከአንድ ስንዝር በላይ ውሃ አይገባም። የታጠብኩበትን በባልዲ ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ፤ ጉልበቴ ይጮኻል። በድርቁ የተነሳ በውሃ ጎማ ማጠጣት ተከልክሏል፤ ሕጉ ያለውን አደርጋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ግን ጫካ ነው።

ደግሞ አንሶላው። ዊልፍ ገመዱ ላይ አራት አንሶላ አስጥቷል። በማክሰኞ! በሰፈራችን ልብስ የሚታጠበው ሰኞ ነው፤ ኤድና ብትኖር በእፍረት ትሞት ነበር። ለመሆኑ ብቻውን የሚያድር ሰው አራት አንሶላ ምን ያደርግለታል?

ገና ጎህ ሲቀድ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ጎማ ነው። ጎማ መሆን አለበት።

ሐሙስ፣ ጁን 24

ለገበያው ተቆጣጣሪ ለሚስተር ኮቦልድ ደብዳቤ ላክሁ። ስሜን አልጻፍኩም። የዘወትር የእጅ ጽሑፌን ማንም እንዳይለየው ልክ እንደ ካርቶን በትልልቁ ፊደል አድርጌዋለሁ። የቻፕል መንገድ ቁጥር 27 (ዊልፍ ነው) በተከለከለ የውሃ ጎማ አትክልት ሲያጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ።

ሕግ ሕግ ነው። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

ዓርብ፣ ጁን 25

እርግጥ በዓይኔ አላየሁም። የሰማሁት ግን ያው ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 3

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሻይዬ ውስጥ ሦስት ቀይ ጥንዚዛ ወደቀ፤ ከተማው በሙሉ ጥንዚዛ ሆኗል።

ኮቦልድ ሆዱን አስቀድሞ ወደ ዊልፍ መጣ። በሹክሹክታ ይናገረዋል ብዬ ነበር፤ ሰውዬው ግን ገበያ ፊት ለመናገር ነው የተፈጠረው።

«ጋሮድ፣ ክስ ቀርቦብሃል። በጎማ ታጠጣለህ ተብሏል። እውነት ከሆነ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘንድሮ በየምሰሶው ላይ ለጥፈውታል። በተከለከለ ውሃ ያበቀለውን ለገበያ ያወጣ ሰው ቦታውን ያጣል። ከሰዓቱ ማማ ሥር ያለው ቦታ ከዊልፍ አያት ጀምሮ የጋሮዶች ነው። እኔ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው የሚተዉት መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ዊልፍ «ደብዳቤውን አንዴ ልየው?» አለ። ኮቦልድ መነጽሩን የሚያወጣው ለፈረስ ውድድር ጋዜጣ ብቻ ስለሆነ ሳያጣራ ሰጠው። አምስት መስመር ነበር፤ ዊልፍ ግን ረጅም ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ቆየበት። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለት።

«ማን ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ። ማንም ሊሆን ይችላል።»

ቀና ሲል ከማዶ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሰላም ሊለኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። ፊቱን አዞረ። ሙቀቱ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 8

የኦገስቱ ውድድር በድርቁ ምክንያት ተሰርዟል። ማስታወቂያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል። ሁለቴ አነበብኩት። ዋንጫ የለም።

እንግዲህ ምን ለማግኘት ነበር?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 10

አንዲት ሴትዮ የዊልፍን ፎሶሊያ አንስታ፣ «የምትሸጠው ፎሶሊያ ነው ወይስ የሰረቅከውን ውሃ?» ብላ መልሳ ወረወረችው። ከኋላዋ የነበሩት ሳቁ። ዊልፍ አንስቶ በመሐረቡ ጠረገው፤ ከሌሎቹ ጋር መልሶ ደረደረው። እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑ እንደሞላ ወደ ቤት ተመለሰ።

በርል ለማንም አላዳላችም። «ሌባ ከሆነ ይገባዋል። ግን እኔን የምታስጠላኝ ያቺ ደብዳቤ ጸሐፊ ናት። ስም የለሽ! ባገኛት በአይብ መቁረጫዬ ነበር የምሸነሽናት።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ወንድማ ቢሆን መጠጥ ቤት ሄዶ ያወራው ነበር።»

ሳቅሁ። ራሴን ስስቅ ሰማሁት።

ዊልፍ በዚህ ሳምንት አዲስ ካርቶን አላዘዘኝም። አሮጌውን ነው የሚያቆመው። ገንዘብ ቸግሮት እንዳይሆን፤ ከእሱ እኮ ከአንድ እፍኝ ድንች በላይ ተቀብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 17

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ አልችለውም።

ራሴን ስላመመኝ ገበያ አልወጣሁም። ጓሮ ተቀምጬ ሳለሁ ከቁጥር 27 ውስጥ ከባድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ። ከዚያ የሰው ድምፅ። ዊልፍ ገበያ ነው፤ ኤድና ክሮመር ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ናት። ሌባ ነው ብዬ የአጥሩን በር ከፍቼ ገባሁ፤ ቁልፋቸው የአበባው ማሰሮ ሥር መሆኑን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።

ኤድና ከአልጋዋ ወድቃ ወለሉ ላይ ነበረች። ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዛትም። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። አንሶላው ርሷል፤ ሽታውን መሸፈን ፈልጋ በደህናው እጇ ብርድ ልብሱን ትጎትታለች። ኤድና! የማእድ ቤቷን ደረጃ በየቀኑ የምትፈገፍገው ኤድና!

«አትዪኝ» አለች። «ሙሪየል፣ እባክሽ አትዪኝ።»

አቅፌ ቀና አደረግኋት፤ ግን አልጋው ላይ ማውጣት አቃተኝ። እንደተቃቀፍን ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። በኤፕሪል ነው ስትሮክ የመታት፤ ክሮመር መሄድ የሚባል ነገር የለም። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ፤ እያንዳንዱን ቃል እየገፋች ነው የምታወጣው። «ሽማግሌው ዶክተር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዝም ብሎልናል። ወሬው ከወጣ ጉብታው ላይ ይወስዱኛል።»

ጉብታው ላይ ያለው ዛሬ ሆስፒታል ነው። እኛ ልጆች ሳለን ግን የድሆች ማጎሪያ ነበር፤ የኤድና አያት እዚያ ገብታ በሬሳ ሣጥን ነው የወጣችው። በዚህ ከተማ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ሁሉ በዚያ በር ሲያልፍ ወደ ሌላ ያያል። እኔም አያለሁ።

ዊልፍ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሁለታችንን አየን።

«እንግዲህ አየሽ» አለኝ።

ኤድናን ካስተኛናት በኋላ ማእድ ቤት ወሰደኝ። የቆርቆሮ ገንዳ፤ ውስጡ አንሶላ። አጠገቡ ሁለት ባልዲ። «ሁለቴ ነው የማጥበው» አለ። «የመጀመሪያውን ውሃ እደፋዋለሁ፤ ማለቅለቂያውን ሰው ሳይነሳ ለፎሶሊያው አወርደዋለሁ። የእሷ ነገር ስለሆነ ሰው እንዲያየው አልፈለግሁም።» ወደ ጓሮው በር ጠቆመኝ። ጎማው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከአምና ጀምሮ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል።

«ለምን ለኮቦልድ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት ለእሱ እነግረው ነበር። ማንም አላንኳኳም።»

ኮቦልድን ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እኔ ነኝ። ለዚህ ደብተር እንኳ መንገር አቅቶኝ ነበር እንጂ እኔ ነኝ ያደረግሁት። አላየሁም፣ አየሁ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 24

ቅዳሜ ቅዳሜ ዊልፍ ገበያ ሲሆን ከኤድና ጋር እቀመጣለሁ። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። «ደስ ይላታል» አለ። አንሶላውን አብረን እንጨምቃለን፤ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በአንድ ጫፍ፣ ተቃራኒ እየጠመዘዝን።

ዛሬ ኤድናን ሳበጥራት እንዲህ አለችኝ፦ «ዊልፍ ማን እንደጻፈው ያውቃል። ለእኔ ግን አልነግር አለኝ።»

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። በርልን ነው የሚጠረጥረው፤ ምላሷ አያርፍም። አዎ፣ በርልን መሆን አለበት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 7

ቀን ተቆረጠ። ኦገስት 26 የገበያው ኮሚቴ የዊልፍን ጉዳይ ለማየት በእህል አዳራሹ ይሰየማል። ኮቦልድ ጡረታ ሳይወጣ አገልግሎቱን በትልቅ ሥራ መዝጋት አማረው።

መውጫው ቀላል ነው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምንም ጎማ አላየሁም» ብል ክሱ ይፈርሳል። የኤድናም ስም አይነሳም፣ ማንም ቤታቸውን አያይም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ግን ከዚያ በኋላ ማን ካርቶን ያጽፈኛል? ማን በገበያው መሃል ቆሞ ሰላም ይለኛል? ፐርሲ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ገበያው ብቻ ነው።

ሰኞ እነግራለሁ።

ሰኞ፣ ኦገስት 9

ኮቦልድ ቢሮ አልነበረም። (ነበረ። ባርኔጣው ተሰቅሎ አይቻለሁ።)

ቅዳሜ፣ ኦገስት 14

አንሶላ ስንጠመዝዝ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ዊልፍ፣ ያ ደብዳቤ...» አልኩ።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አለኝ። «ጫፉ መሬት እንዳይነካ።»

ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 25

ነገ ነው። ሰማያዊ ቀሚሴን ተኮስኩ። ዓረፍተ ነገሩን መስተዋት ፊት አሥር ጊዜ ተናገርኩት። አሥራ አንደኛው ላይ ድምፄ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 26

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ኮቦልድ ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ አነበበው። የራሴን ቃል በእሱ አፍ ስሰማው የማላውቃት ክፉ ሴት የጻፈችው መሰለኝ።

«ጋሮድ፣ ምን ትላለህ?»

«የምለው የለኝም።»

«ካልተናገርህ ነገ ጠዋት ሁለት ሰው ልከን ቤቱንም ጓሮውንም እናስፈትሻለን።»

የዊልፍ ፊት አመድ ሆነ። ያኔ ተነሳሁ። እውነት ተነሳሁ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰው ሁሉ ዞረ። «ሚስተር ኮቦልድ» አልኩ፤ «አንድ ነገር ልበል።»

«ሙሪየል» አለ ዊልፍ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ በአጥሩ ላይ እንደሚያወራኝ። «ቁጭ በይ። ጉልበትሽን ያምሻል።»

ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ሰው መላክ አያስፈልግም። በጎማ አጠጥቻለሁ። ቦታውን ውሰዱት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ኮቦልድ ከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በኋላ ቦታው የከተማው ነው ብሎ ጻፈ። በርል ክርኔን ነካ አድርጋ፣ «አየሽ? ያቺ ደብዳቤ እውነቷን ነበር ለካ» አለችኝ።

እኔ ተቀምጬ ነበር። ሌላውን ሁሉ ጻፍኩት፤ ይህን ለመጻፍ ነው ብዕሩን ሦስት ጊዜ ያስቀመጥኩት። ቁጭ በይ አለኝና ቁጭ አልኩ። የኤድናን ምስጢር እንዳላወጣ ፈርቶ ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ። ግን ጉልበቴ ሲታጠፍ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 29

ዝናብ። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ቆሙበት። ኮቦልድ ሳይቀር። የዊልፍ መጋረጃ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ኤድና እንድታየው አልጋዋን አስጠግቶት መሆን አለበት።

እኔ በሬን ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 3

ካርቶኖቼን ስጽፍ ተንኳኳ። ዊልፍ ነው፤ ኮቱ ረጥቧል፤ በብብቱ ባዶ ካርቶን ይዟል።

«አዲስ ጻፊልኝ» አለ። «ነገ የመጨረሻዬ ነው። አሮጌው ቀለሙን ለቋል።»

«ምን ልበል?»

«ፎሶሊያ። 7 ፔንስ።»

ፎሶሊያን ጻፍኩ። ሰባቱን ጻፍኩ። ቀበቶውን ላሰምር ብሩሹን ሳነሳ ያ ደብዳቤ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ቁጥር 27፣ በትልልቁ፣ በካርቶን ፊደል። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሰባቱን እንደ ሰው ሁሉ ሰባት ትቼ ፔንስን ጻፍኩና ካርቶኑን ገፋሁለት።

ዊልፍ አየው። «አልጨረስሽም።»

«ጨርሻለሁ።»

«አልጨረስሽም፣ ሙሪየል።»

ብሩሹን ከእጄ ወሰደና በዚያ በወፍራም ጣቱ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ቀበቶውን ራሱ አሰመረው። ትንሽ ተንጋደደ።

«ከጁላይ ጀምሮ?» አልኩት። 

«ከጁላይ ጀምሮ።»

«እያወቅህ ቤትህ አስገባኸኝ?»

ካርቶኑን አፉን አሞጥሙጦ እፍ አለበት፤ ቀለሙ እንዲደርቅ። «ተናድጄብሻለሁ» አለ። «አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ኤድና ሦስት ወር ሙሉ ከእኔና ከዶክተሩ በቀር ሰው አላየችም ነበር። ያን ቀን ስገባ አንቺ ይዘሻት ነበር።» ካርቶኑን ኮቱ ውስጥ ሸሸገው። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ነገ በጊዜ ነይ። አንሶላው አራት ነው።»

ከሄደ በኋላ አለቀስኩ፤ የፐርሲ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለገበያው የቀሩትን ካርቶኖች ጨረስኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሃያኛውን ለራሴ ጻፍኩ፤ ትልቁን ብሩሽ ይዤ፣ ከሩቅ እንዲነበብ፦

ስለ ቁጥር 27 ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጎማ አላየሁም። ዋሽቻለሁ። ሙሪየል ታንስሊ፣ ቁጥር 25።

ሰባቱን ቀበቶውን አስታጠቅኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 4

ገና ሳይከፈት ሄጄ ከሰዓቱ ማማ ሥር አቆምኩት። መጀመሪያ ያነበበችው በርል ናት። አልሳቀችም፤ ካርቶኑንና እኔን ተራ በተራ አየች፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ኮቦልድ መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ትቼው መጣሁ።

ሌላውን ማታ እጽፋለሁ። አንሶላው አራት ነው።